አሥራ አንድ ሰዓት

ኦሞራቴ ላይ ነው ድንበሩን ያለፍኩት፣
ቦርሳዬን አዝዬ፣ የመጨረሻውን አቧራ በእግሬ የቆረጥኩት።
የኬላው ሹም ማኅተሙን ቢያሳርፍ ቀለሙ ደርቆበት፣
በትንፋሹ አሟሸው፣ ደግሞ መታው፤ ከጥላ በቀር ምንም አልወጣበት።
በሦስተኛው ግማሽ ክብ ታተመ፤
"ይበቃል፣ ግማሹን አንቺው ሙዪው" ብሎ ፓስፖርቴን ገጠመ።

ከቱርሚ ጂንካ በአይሱዙ፣ ከጂንካ ሶዶ በቅጥቅጥ፣
ጉልበቴ አገጬን እየነካ፣ አንገቴ በእንቅልፍ ሲናጥ፤
ከሶዶ ተርጫ፣ ከተርጫ ጪዳ፣ ገደሉን በጭጋግ ታክከን፣
ሾፌሩ ሲያስነጥስ ሁላችንም "ይማርህ!" ብለን ጮኸን፤
ጅማ ስደርስ ዝናብ ነበር፤ አጂፕ ወረድኩኝ በማታ፣
ስምንት ወር ዞሬ፣ አንድ ቀን ቀርቶኝ ለነቀምቴ፣ ለእፎይታ።

ቲኬት ቆራጩ ናስሮ ብዕሩን ከጆሮው ነቅሎ፣
"ነቀምቴ፣ አሥራ አንድ ሰዓት" ጻፈልኝ፣ አየር መንገድ አስመስሎ።
"እንዳትዘገዪ" አለኝ። ስቄ አለፍኩት። ማን ነው የሚያረፍድ?
ከካምፓላ እስከ ናኩሩ አንድም አውቶቡስ ያላመለጠኝ፣ እኔ፣ የመንገድ ዘመድ?

ጧት ተነሣሁ ተዝናንቼ። ሸሚዝ አጠብኩ፣ ፀሐይ ሞቅሁ፣
ከአልቤርጎው በረንዳ ላይ ፓፓያ በሎሚ በላሁ።
ስልኬ "አሥር" ሲል ቦርሳዬን አዘልኩ፤ መናኸሪያው ጭር ብሎ፣
በነቀምቴ ቦታ አንድ ፍየል ቆሟል የሙዝ ልጣጭ አንጠልጥሎ።
ናስሮ አየኝ። ሰዓቱን አየ። እንደገና አየኝ፣ ፈዞ።
"እህቴ፣ በደሌን አልፏል እኮ፣ ያንቺ ወንበር ላይ ጎመን ይዞ።"

"አሥራ አንድ አላልክም?"
"አልኩ እንጂ! ሌሊት አሥራ አንድ። ጎህ ሳይቀድ።
አንቺ የየት ሀገር አሥራ አንድ ነው የምትቆጥሪው በእኛ መንገድ?"

የየት ሀገር።

ናይሮቢና ጅማ ፀሐይ የሚወጣላቸው እኩል ነው፤
ስልኬ ድንበሩ ላይ አልቀየረም፣ የሚቀይረው ምን አለው?
ያንኑ ፀሐይ አንዱ "አንድ" ሲለው ሌላው "ሰባት" ይለዋል፤
ስምንት ወር "ሰባት" ያለ አፍ "አንድ"ን ከየት ያመጣዋል?
እግሬ ተሻግሯል፤ ግማሽ ማኅተም ምስክሬ፤
ኪሴ ውስጥ ያለው ጊዜ ግን ኬላው ጋ ቆሟል እስከ ዛሬ።

የተረፈኝን ቀን ይዤ ወረድኩ ወደ አዌቱ ድልድይ፣
የቦርሳዬ ማንገቻ አንድ ክር ቀርቶት፣ የሚሰፋልኝ ሰው እስካይ።
አባ ጭብሳ ጫማ ሰፊ፣ መነጽራቸው በሲባጎ ታስሮ፣
ቦርሳዬን እንደ ታመመ ጥጃ ዳሰሱት ከሆድ እስከ ጆሮ።
ከአንድ ግንድ የተጠረበ በርጩማ ገፉልኝ፣ ባለሦስት እግር፤
"ተቀመጪ፣ የተቀመጠ ሰው አውቶቡስ አያመልጠውም" አሉ በነገር።
(ወሬው ከእኔ ቀድሞ ነው የደረሰ።)
"ስንት ሀገር ገባ ይሄ?" "አምስት።" "አላህ ይጠብቅሽ! እኔ፣
ጊቤን የተሻገርኩት አንዴ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ለዓይኔ።
ያኔ ማኅተም የለ፣ ኬላ የለ። ውሃውን ሳልፍ ግን ሆዴን ባር ባር አለው፤
ስመለስ ደግሞ ያው ውሃ 'እንኳን ገባህ' የሚል መሰለው።"

ጥቁር ክር አልነበራቸውም። ሰፉት በአረንጓዴ፣ በወፍራሙ፣
መርፌው ሲወጣ ሲገባ፣ ከሩቅ እየታየ ቀለሙ።
አሥራ ሁለት ቀዳዳ ቆጠርኩ።
ሂሳብ ስሰጣቸው ብሩን ገለበጡት፤ ለካ ባለማወቅ
የኬንያ ሽልንግ ነው የዘረጋሁት። ሳቅን፣ እስኪያቅተን መሳቅ።

ማታ ናስሮ ሌላ ቲኬት ቆረጠልኝ፤ "ሌሊት" ብሎ አሰመረበት፣ ሁለቴ።
ልብሴን ሳላወልቅ ተኛሁ፣ ጫማዬ እግሬ ላይ፣ ቦርሳዬ ከደረቴ።
በአዛን ነቃሁ። ከተማው ጨለማ ነው፣ እርጥብ አፈር ይሸታል፤
ረዳቱ "በደሌ! ነቀምቴ!" እያለ በድምፁ መስኮት ይመታል።

ስልኬን አየሁት፦ "አምስት" ይላል።
"አሥራ አንድ" አልኩት፣ ድምፄን ሳልደብቅ።
ረዳቱ ዞር አለ፦ "እሱማ ነው፤ ግቢ እንጂ፣ ምን ይደንቅ!"

ትከሻዬ ላይ አረንጓዴው ክር፣ አንዴ፣ ሲጥ አለ።
ያዘ።