በግዝትና በደንብ መሐል

ከፒንዶስ ተራራ፣ ከወገቡ በላይ፣
ሊታራኪ አለች፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ።
የቤቱ ክዳኑ ስስ የድንጋይ ገበታ፣
እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ፤ ማታ
ዝናብ ሲያርፍበት ብር የሚመስል፣
ሲደርቅ ደግሞ አመድ።

ሠላሳ ጭስ ነበር፤ ዛሬ አራት ቀርቷል።
ፖስተኛው ቆጥሮ ነው ድልድዩን የሚሻገር፤
ሦስት ያየ ለታ ሮጦ ይወጣል።

ከመንደሯ አናት ደን አለ፤ ተገዝቷል።
ተገዝቷል ስላችሁ ብር መስሏችኋል፤
ሻጭም የለው፣ ገዢም፤ ቃል ነው ያጠረው።
ድሮ ናዳ ወርዶ ሰባት ቤት ቀበረ፤
በሣልስቱ ማግስት መስቀል አስቀድሞ
ቄሱ ካፋፉ ሥር እንዲህ ተናገረ፦
«ከዚህ ጫካ አንዲት ቅርንጫፍ የቆረጠ፣
ነፍሱ አትፈታ፤ ሬሳው አይፍረስ፤
ምድር እንኳ ትትፋው።»
ከዚያ ወዲህ እዚያ መጥረቢያ አልደረሰ።
ኦኩ ሲያረጅ ይወድቃል፤ በወደቀበት
ጉንዳን ይወርሰዋል፣ ሽበት ያለብሰዋል፤
ማገዶ ያለቀበት ሰው አይቶት ያልፋል።

ኤቫንቲያ መበለት፣ ሰማንያ ሦስቷ፣
በተወለደችበት፣ ባያቷ ቤቷ፣
በየካቲት ሌሊት፣ በረዶ ሲጫን፣
«ቀጭ» ሲል ሰማችው፤ ዋልታው ነው።
አርባ በቅሎ ጭነት ድንጋይ
በዚያ ስንጥቅ ላይ ተኝቷል።

ለከተማው ቢሮ ጻፈች፦ ቆርቆሮ ላልብሰው?
መልሱ በማኅተም መጣ፦ «ቤትዎ ቅርስ ነው።
ቆርቆሮ ክልክል፤ ብረትም ክልክል ነው።
ዋልታው ይተካ ግን በዚያው ባገሩ ኦክ፣
በእጅ በተጠረበ።»

ያገሩ ኦክ ደግሞ በመስኮት ይታያል፣
ቆሞ፣ ተገዝቶ።

ሳቀች ኤቫንቲያ፣ ወረቀቱን አጣጥፋ፦
«ከላይ የሞተ ቄስ፣ ከታች ያልሞተ ጸሐፊ፤
አንዱ አትንኪ ይላል፣ አንዱ አትለውጪ፤
መሐል ላይ እንግዲህ እኔ ነኝ ምሰሶ።»

ላምብሮስ መጣ፤ ድንጋይ መክደን የሚያውቅ የመጨረሻው ሰው፣
አንድ ጆሮው ደንቆሮ፣ መዶሻ የበላው።
ወደ ደኑ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«ትናንት ነፋስ የጣለው አለ፤ ቀጥ ያለ፣ ወፍራም።
ግዝቱ ለቆረጠ ነው፤ ላነሣ አይደለም።»

«ዛሬ የወደቀውን ታነሣለህ» አለች፣
«ነገ ያዘመመውን ታያለህ፣
ከነገ ወዲያ ትገፋዋለህ።
ናዳም እንዲህ ነው፣ ላምብሮስ፤ በጠጠር ይጀምራል።»

ከጓዳ ገብታ አቧራ የጠገበ ጨርቅ ገለጠች፤
የናቷ የሽመና ዕቃ፤ አራት እግር ኦክ፣
ከማዶ ሸለቆ፣ ካልተገዘተ ደን፣
ያምሳ ሙሽሪት ብርድ ልብስ ያለፈበት።
«ወፍራሙን ውሰድ።»
መጋዝ ሲነካው ፊቷን አዞረች፤
ሽንኩርት መላጥ ያዘች።

በሰኔ እንግዶች ይመጣሉ፣ ካሜራ አንጠልጥለው፤
ቅስቱን ድልድይ፣ ጣራውን፣ ደኑን ከኋላው
ያነሣሉ። «ምንም ያልተለወጠ!» ይላሉ።
እውነት ነው። ከውጭ።

ከውስጥ፣ ከስንጥቁ ሥር የቆመው ዕንጨት
ድር የቦረቦረው ቦይ አለው ወገቡ ላይ፤
በቦዩ ውስጥ አንዲት ቀይ ክር።
ላምብሮስ ሥራውን ጨርሶ ሊነቅላት ሲል፣
«ተዋት» አለችው፣
«ጣራውን የያዘችው እሷ ትሆናለች።»