ያለ ኮማ

ጠይባ ስትደውል ዝናቡ ገና አላባራ፤
«ዋይፋያችን ይበራል» አለች፣ «ይበራል እንጂ አይሠራ።
ከፊት ያለው ፑል ቤት፣ ከጎን ያለው ጁስ ቤት ይጠጣዋል፤
ለእኛ አተላው ይደርሰናል።»
ፒንሳ፣ ኬብል፣ አንድ መርፌ ኪሴ ውስጥ ሸጉጬ
ከመንደራ መጣሁ፣ ባጃጅ ጥግ ላይ ተቀምጬ።

ሄርማታ ያለችው ሱቋ ጠባብ ናት፤ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ማባዣ፣
በሩ ላይ «እዚህ ይጻፋል፤ ማመልከቻ፣ ውል፣ የቤት መሸጫ መግዣ»፤
ተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፋቸውን ፍላሽ ውስጥ ጠቅልለው፣
አንድ ሽማግሌ የመሬት ካርታቸውን በፌስታል አንጠልጥለው።
ራውተሩ ጣሪያው ሥር ነው፣ ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቆ፣
አንዱ አንቴና በፕላስተር ታስሮ፣ አንዱ ወልቆ።
ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት፤ ሆዱን ገልብጬ አየሁ፤
ቁልፉ የተጻፈበት ወረቀት በሙቀት ነጥቷል፤ ባዶ አነበብሁ።

በተለመደው ጀመርኩ፤ ፋብሪካው ሲወልደው ባወጣለት ስም፤
እንቢ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እንቢ፣ አሁንም።
የሱቁን ስም፣ የስልኳን ቁጥር፣ የልጇን ስም ሞከርኩ፤
የልጇን ስም ስጽፍ አየችኝ፤ አፈርኩ።
ከዚያ ሳጥኑ ራሱ ተቆጣ፤ አምስት ደቂቃ ጠብቅ አለኝ፤
በገዛ ቤቷ ባለቤቷን አቁሞ፣ እኔንም ደጅ አስጠናኝ።

መርፌዬን አወጣሁ። «ከጀርባው ትንሽ ቀዳዳ አለች፣
አሥር ሰከንድ ከተወጋች ሁሉን ታጠፋለች።»
እጄን ያዘች።
«ቴሌ የሰጠን የመስመሩ ስምና ቁጥርስ?»
«አብሮ ይጠፋል። ወረቀቱ ካለ ይተካል።»
ወረቀቱ የለም። ወረቀቱን ያስቀመጠው ሙዘሚል ነው።

ስሙ ሲጠራ ማባዣው እንኳ ዝም አለ።
ሦስት ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ሰው ሲያገለግል የዋለ፣
ኬብሉን የዘረጋ፣ ቀለሙን የሞላ፣
አንድ ማክሰኞ ጃኬቱን ይዞ ወጥቶ፣ ያልታየ ከዚያ በኋላ።
«ለምን ሄደ?» አልኩ። ወረቀት ማስተካከል ጀመረች፤
የተስተካከለውን ደግማ አስተካከለች።

አጋሮ ነው አሁን፤ ስልክ ጥገና ከፍቷል ይላሉ።
ደወልኩ፤ ድምፁን ከፍ አደረግሁት፤ ተማሪዎቹ ይሰማሉ።
«የጠይባ ቤት ራውተር ተቆልፎብን ነበር...» ሳቀ።
ሳቁ ረጅም ነው፤ መጀመሪያ ሞቀ፣ መሐል ላይ ደረቀ።
«የመግቢያው ስም የራሷ ነው» አለ፣ «ቁልፉንም ታውቀዋለች።
የደመወዜን ቀሪ፣ ያለባትን፣ በአሃዝ ትጻፍ፤ ያለ ኮማ፤
ብር የሚለውን አታስገባ።» ተዘጋ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ ተሰማ።

ደብተር ትገልጣለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ደብተር አልገለጠችም።
መሳቢያ ትስባለች ብዬ፤ መሳቢያም አልነካችም።
የእሱን ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ግማሹ የለቀቀ ሂና ጥፍሯ ላይ ይታያል፤
አንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ዜሮ።
አላሰበችም፤ ለካ ቁጥሩ ጣቷ ጫፍ ላይ ኖሮ!

ገጹ ወለል ብሎ ተከፈተ። ሠላሳ አንድ ስልክ ተሰልፏል፤
ፑል ቤቱን አስወጣሁ፣ ጁስ ቤቱን አስወጣሁ፤ ማባዣው ማጓራት ጀምሯል፤
«የኔ ካርታስ?» አሉ ሽማግሌው።
«አዲሱን ቁልፍ ምን ላድርገው?» ብዬ ጠየቅሁ።
ማያ ገጹን እንጂ እኔን አላየችኝም።
«ለዛሬ እንዳለ ይሁን» አለች። «ነገ ከባንክ ስመለስ እንቀይረዋለን።»

የእኔን ሦስት መቶ ብር ሁለቴ ቆጥራ ሰጠችኝ።
ነገ ትሂድ አትሂድ አላውቅም፤
ባንኩ ሁለት በር አልፎ ነው፤ ሦስት ዓመትም እዚያው ነበር።
ስመለስ ባጃጁ ጉድጓድ ገብቶ ሲዘል
ያልሠራሁበት መርፌ ጭኔን ወጋኝ።
ሹፌሩ «ሒሳብ» አለ፤
ዝርዝር ፈልጌ፣ እዚያው፣ ሳልወርድ ከፈልኩት።