የቆረጥኳቸው ሦስት አንቀጾች

ሰኔ ነበር፣ ማክሰኞ። አሰገደች ቱሉ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ
ጠርሙስ ከጠረጴዛዬ አኖረች፣ ቦርሳዋን ዳብሳ።
«ምንድን ነው?» «አቃቂ ነው» አለች፣ «የዛሬ ጠዋት።»
ቀለሙ የሻይ፣ ሽታው የቆዳ። ተነስቼ ከፈትኩ መስኮት።

እኔ ያኔ አዘጋጅ ነበርኩ፣ ቀይ እስክሪብቶ ያለኝ፣
ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ቀድሞ የሚጮህብኝ።

እሷ የሐዲድ ዳር ልጅ፣ ከገላን፤ አባቷ ብሎን አጥባቂ፣
የፉርጎ ጎን ጽሕፈት ያነበበች ሳትገባ ትምህርት ቤት፤
ባቡሩ ሲቀር የቀረላት ወንዙ ነው፣ አቃቂ፣
እሱም ቀለም የሚለውጥ በፋብሪካው ፈረቃ ሰዓት።
«ሰኞ ሰማያዊ፣ ረቡዕ ቡኒ፣ ቅዳሜ አረፋ» ብላ
ከሒሳብ ደብተሯ ጀርባ ጽፋዋለች፣ ገና ጥሬ ሳትበስል፣ ገና ጨቅላ።
ጋዜጠኛ የሆነችው ያኔ ነው፤ እኛ አልቀጠርናትም፣
ደመወዝ ብቻ ጀመርንላት፣ እሱንም በቅጡ አልከፈልናትም።

ጽሑፏ ዘጠኝ አንቀጽ። መግቢያው ጥሩ ነበር፤ ዝናብ፣ ሸለቆ፣
እንቦጭ የዋጠው ግድብ፣ ታንኳ የቆመበት ተጣብቆ፤
ከአራት እስከ ስድስት ግን ስም ነበረ፣ ቁጥር ነበረ፣
የማን ቱቦ በየትኛው ሌሊት ምን እንዳንቆረቆረ።

ስልኩ ጮኸ። የደወለው ሰው አላመናጨቀኝም፤ ሳቀ፣
የልጆቼን ጤና፣ የማስታወቂያ ውላችንን ዕድሜ ጠየቀ።

ሦስቱን አንቀጽ ቆረጥኳቸው፣ ጎመን እንደሚቆርጥ ሰው፣
ሥሩን ትቶ ቅጠሉን፣ «ነገ ይበቅላል» እንደሚለው።

እሷ ቆራጥ ነበረች፣
እኔ ቆራጭ፤
በአንዲት ፊደል ተለያየን።

ቱቦው ሲቀር፣ ስሙ ሲቀር፣ ከጽሑፉ የተረፈው
ቆስጣና ሰላጣ ነበር፤ መራዡ አምልጦ፣ የተመረዘው ነው የተከሰሰው።
በሳምንቱ ገበያተኛው «የአቃቂ ነው?» ይል ጀመር፣
የጋሽ ዱጉማ ቆስጣ በጆንያ ተከምሮ ሲያድር።

ሄደች። ብቻዋን። ከማሳው ጫፍ ቆመች አንገቷን ደፍታ።
«አንቺ ነሽ?» አላት ዱጉማ፣ ሳይመልስላት ሰላምታ፤
«ወንዙን እኔ አልመረጥኩትም፤ እሱ ነው የመጣብኝ።
ማሳዬን በስም ጽፈሽ ቱቦውን ምነው ሸሸግሽብኝ?»

«ቆርጠውብኝ ነው» አላለችም። ስሜንም አልጠራችም።
(ይህን እሱ ነው የነገረኝ፣ ከዓመታት በኋላ። እሷ አልነገረችኝም።)

በማግስቱ መልቀቂያ። አንድ መስመር። ፊርማ። ቀን።

ከዚያ ሰባት ዓመት። ሦስት መቶ ጠርሙስ በመደርደሪያ ተሰልፎ፣
በእያንዳንዱ አንገት ላይ ቀኑ፣ በፕላስተር ተለጥፎ፤
መኖሪያዋ ከማሳው ጎን፣ አንድ ክፍል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣
ክረምት ክረምት የሚለፈልፍ፣ ለሐሳብ የማይሰጥ ማረፊያ።
የሰው ደብዳቤ መተርጎም፣ ፈተና ማረም፣ ገቢዋ እሱ ነበር፤
«መጽሐፉስ?» ስትባል፣ «ወንዙ ገና አልጨረሰም ንግግር።»

ወጣ። ስስ ወረቀት፣ ሽፋኑ ሲቆረጥ ትንሽ የተጣመመ፤
አንድ ሺህ ቅጂ። የመጀመሪያው ዱጉማ እጅ ላይ ከረመ።
እሱ ማንበብ አይችልም፤ የልጅ ልጁ ናት ያነበበችለት፣
ስሙ ጋ ስትደርስ «ድገሚው» አላት።
ደገመችለት።

ለእኔም አንድ ደረሰኝ፣ በሰው እጅ፣ ያለ ማስታወሻ።
ገጽ መቶ አርባ ሁለት ላይ አገኘኋቸው በመጨረሻ፤
አራት፣ አምስት፣ ስድስት። አንድ ቃል አልጨመረችበትም።
የቆራጩን ስም ፈለግኩ፤
የለሁበትም።
ምሕረት ይሁን ንቀት፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

እሷ ዛሬም ትወርዳለች፣ ጉልበቷን በፋሻ አስራ፣
ያቺ አንባቢ የልጅ ልጅም ጠርሙሱን ይዛ፣ ከእሷ ጋራ።

የእኔው ጠርሙስ፣ የዚያ ማክሰኞው፣ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል።
ጭቃው ከታች ዘቅጧል፣
ከላይ ጥርት ብሏል።
ካልነካኩት
ንጹሕ ይመስላል።