ባሕር በፖስታ

ሰኞ በማለዳ፣ ቸርችልን ቁልቁል፣
ፖስታ ቤት ወረድኩኝ፣ ካርቶን ልቀበል።
ጉምሩኳ ቀደደች፣ ጋዜጣውን ገልጣ፣
ከጭዱ መካከል አንድ ዓይና ወጣ፦
ሞላላ መስታወት፣ የነሐስ ጠርዝ ያለው፣
ጎማው እንደ አሮጊት ከንፈር የሰለለው።

«ምንድን ነው?»
«መነጽር። ጃፓን አገር ጠላቂ ሴቶች አሉ፣
ትንፋሽ ይዘው ወርደው ቀንድ አውጣ ይለቅማሉ።»
«እና አንተ የት ልትጠልቅ? ቀበና ነው?» አለች፤
ማኅተሟን ከሳቋ አስተካክላ መታች።

እውነቷን ነው እሷ።
እዚህ ከተማ ላይ ባሕር የሚባለው
ዛፍ ነው፤ እሱም ቢሆን ለአጣና የዋለው።

ፒያሳ፣ ደረጃ ሥር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣
ብሎን እንደ ሰሊጥ በወረንጦ ለቅሜ፣
የሰው ዓይን ስጠግን የራሴን አድክሜ።
አንድ ክረምት መጣ፣ መንገድ የሚሠራ፣
ኒሺዋኪ የሚሉት፣ ቀስ ብሎ የሚያወራ።
ከኪሱ አወጣልኝ ጥንድ የቆርቆሮ ዓይን፣
አንዱ የተሰነጠቀ። «የእናቴ ነው፤ ይኼን
መስታወት ብትቀይርልኝ። ሳምንት እመጣለሁ።»
ቆረጥኩ፣ ሞረድኩ፣ ገጠምኩ፤ ጠቅልዬ አኖርኩ።
ሳምንቱ ሰባት ዓመት ሆነ።
ብቻውን እንዳይሆን፣ ዘመድ ፈለግኩለት።

ከጃፓን ወደብ ላይ፣ ከሟች ቤት፣ ከጨረታ፣
በደመወዜ ልክ፣ በዓመት አንድ፣ አንዳንዴም በሁለት ዓመት አንድ፣
መሳቢያዬ ገቡ።
አንዱ በግራ ቀኙ ከረጢት ያንጠለጠለ፣
ጥልቀቱ ዓይን ሲጫን አየር እያካፈለ፤
አንዱ ጨው የበላው፤ አንዱ እንደ ሕፃን ጠባብ፤
አንዱ በውስጥ ጠርዙ ኮከብ የተጫረ፣
እጅ ሳያነሡ፣ ከጀመረበት ያደረ፦
የወረደች ትመለስ ማለት ነው ይላሉ።

ጉም መስታወቱን ሲጋርድ፣ ሴቶቹ በቅጠል
ያሹታል ብሎኝ ነበር። የቱ ቅጠል? ስለው፣
ወጣና፣ ጎረቤቴ በጣሳ ከተከለው
አሪቲ ቀነጠሰ።
አሸተተ። «የኛ ቅጠል እኅት ናት» አለ።
ቆይቶ ደግሞ፦ «እናቴ ስትወጣ ታፏጫለች፤
ትንፋሽን በአንዴ ከለቀቁት፣ ደረት ይሰነጥቃል።»

አዲስ ዕቃ ሲመጣ፣ ፍል ውሃ እወርዳለሁ፣
ትኬት እቆርጥና ገንዳ ክፍል እገባለሁ።
የዛሬውን ነሐስ ፊቴ ላይ ለጥፌ፣
አንገቴን ብደፋ ሞላብኝ እስከ አፌ።
ሁሉም እንዲሁ ናቸው።
ለአንድ ፊት ተለክተው፣ ለእኔ እንቢ ያሉ።

በሩ ተንኳኳ። «ሰዓት አልቋል!»
ወይዘሮ አስረበብ፣ ገንዳ አጣቢዋ፣ ባልዲና ብሩሽ ይዛ።
ጉንጬ ላይ ክብ ሰንበር አይታ፣
«ማን መታህ?» አለችኝ።
ሰጠኋት። ገለበጠችው፤ በሽርጧ ወለወለች፤
ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ ሳትጠይቀኝ አጠለቀች።
ጎማው ፊቷን ያዘ፣ ሕፃን ጡት እንደሚይዝ።

ተንበረከከች።
በሁለት እጇ ጠርዙን ጨብጣ፣
ውሃው ውስጥ ገባች እስከ ትከሻዋ።

ቆጠርኩ። ሃያ። ሠላሳ። የቧንቧው ጠብታ።
አንድ እጇ ጠርዙን ለቀቀ። አርባ።
ሃምሳ ላይ ልጠራት አፌን ስከፍት፣
ወጣች፤
ከፊቷ በፊት የወጣው ፉጨት ነው፣
ቀጭን፣ ረጅም፣ ማንም ያላስተማራት።

«ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ?»
«የት አባቴ!»
መዳፏን ዘረጋች፦ ስሙኒ፣
አንበሳው ተልጎ ፊት ያጣ።
«ስንት ዓመት ስፈገፍገው አላየሁትም» አለች፤
«በል አሁን ልቀቅ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

መነጽሩን አላወለቀችም።
እኔም አልጠየቅኳት።
ስሙኒዋን ይዤ ሽቅብ ወጣሁ ፒያሳ፣
ካፊያ ነበር፤ መነጽሬ ጉም ለበሰ፣
ከጎረቤቴ ጣሳ አንድ ቅጠል ቀነጠስኩ።