ጥቁር ከፋይ

ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ፣ ከዓሣ ቤቱ ጀርባ፣
አንዲት ክፍል አለች፣ ስቱዲዮ የምትባል፣ አራት ሰው የማታስገባ።
ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣራዋ ቆርቆሮ፤
ዝናብ የጣለ ዕለት አይሰማም ጆሮ።
«ፈገግ በይ» ስላት ደንበኛዬ «ምን?» ትላለች፣
በዚያው አፏ ተከፍቶ ፎቶ ትነሣለች።

አንድ አምፖል አለኝ።
ጃንጥላ አለኝ ነጭ፣ አንድ ሽቦው የጎበጠ፣
ካርቶን ላይ ያጣበቅሁት የቸኮሌት ወረቀት፣ ብርማው የላላጠ።
እና ጥቁር ከፋይ፣ ሦስት ሜትር ተኩል፣
ሆቴል ሲታደስ የጣለው፣ ከእህቴ ጋር የተካፈልነው እኩል።
እሷ ጉርድ ሰፋችበት፤
እኔ ሌሊት ሰፋሁበት።

ጀማሪ ሳለሁ ያልገባኝ ነገር ይህ ነበር፦
ጥቁር ጨርቅ ብቻውን ጥቁር ሆኖ አይቀር።
መብራት ከነካው አመድ ይመስላል፤
አቧራው፣ ስፌቱ፣ የሚስማሩ ቀዳዳ ሁሉ ይታያል።
ሰውን ማራቅ ነው ከጨርቁ፣ ሁለት ርምጃ ወደ ፊት፤
ጨለማን የሚያጠቁረው ቀለም አይደለም፣ ርቀት።

ይህን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም።
አንድ ሌሊት፣ ጨረቃ በሌለችበት፣ ከደንገሉ ዳር ቆሜ፣
ዓሣ አጥማጅ አየሁ፣ ከታንኳው ጫፍ ፋኖስ አስቀምጦ፣
መረብ ሲፈታ፣ ግማሽ ፊቱ በርቶ፣ ግማሹ ሐይቁ ውስጥ ሰምጦ።
ጣና ከኋላው ምንም ነበር።
ወሰን የሌለው ምንም።

ቅዳሜ ከሰዓት አንጓች መጣች፣
ጠዋት ቀረሶ ስትበልት አርፍዳ፣
ቀሚስ ተውሳ፣ ቀይ፣ ወገቡ በመርፌ ቁልፍ የተያዘ፣
እጇን በሎሚ አሽታ፣ ሽታው ግን ከጣቷ ያልተጓዘ።
«እንደ መጽሔት አርገኝ» አለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር።
«ለማን ነው?» አላልኩም፤ እሱን መጠየቅ አይደለም የኔ ግብር።

አስቀመጥኳት። አገጭ ዝቅ፣ ትከሻ ዞር፤
ጃንጥላው ከግራ ከፍ ብሎ፣ ካርቶኑ በቀኝ ከጉንጯ ሥር።
ፊቷ ወጣ።
ፀጉሯ ግን ጠፋ፣ ጥቁር በጥቁር ላይ፣
እንደ ሌሊት ውኃ፣ የት እንደሚያልቅ የማይታይ።
ስልኬን ከሸምበቆ ጫፍ አሰርኩት፣ ባትሪውን አብርቼ፣
ከኋላዋ ሰቀልኩት፣ ከሌንሱ ዓይን አሸሽቼ።
ያን ጊዜ ክር የምታህል ብርሃን ዞረች በፀጉሯ ዳር፣
ጎህ ሊቀድ ሲል ሐይቁን ከሰማይ እንደሚለይ መስመር።
ጥቂት ብቻ፣ ከጨለማው እንድትለይ ያህል፤
«እስከዚህ ድረስ እኔ ነኝ» እንድትል።

ቀጭ አደረግሁ። ወዲያው መብራት ሄደ።
በጨለማው ሳቀች፤ ሳቋ እስከ ቆርቆሮው ወጥቶ ተመልሶ ወረደ።

ማታ መብራት ሲመጣ ፎቶውን ከፍቼ ሳጎላው፣
ከአንገቷ ሥር፣ ከአጥንቱ ጎድጓዳ፣ የሆነ ነገር አበራ።
ቅርፊት።
የቀረሶ ቅርፊት፣ ከጥፍር ያነሰ፣
ሎሚ ያላገኘው፣ ፎጣ ያላበሰ።
ማጥፋቱስ ቀላል ነው፣ አንድ ጊዜ መንካት ነው፤
የስንቱን ጠባሳ፣ የስንቱን ብጉር ያጠፋሁ እኔው።
ግን ደወልኩላት። «ላጥፋት ወይ?» ብዬ።
«ምን አረገችህ?» አለች፣ «ለሷ ደግሞ ልክፈልህ?»

አሁን መስኮቴ ላይ ተሰቅላለች። ሴቶች ይቆማሉ፣
«ይህ ጌጥ የት ይሸጣል?» እያሉ ይጠይቃሉ።
አንዷማ ብር ይዛ ገባች፣ «ልክ እሱን አምጣልኝ» ብላ።
አልነገርኳትም። ዓሣ ቤቱ ከጀርባዬ ነው፤ ትሂድና ትብላ።

ሁሉም ያየው ፊቷን ነው፣ ቅርፊቷን ነው፣ ብርሃኑን፤
አንድም ሰው አልጠየቀኝ የኋላውን።
አምፖሉ ሲመሰገን፣ ፊት ደምቆ ሲታይ፣
ከኋላ ዝም ብሎ የቆመው፣ ያ ጥቁር ነው ከፋይ።