የወጥ ቤቱ በር

ባሪሶ ከመርከብ ሥራ የተመለሰ ሰሞን
አሞራ ገደል ቁጭ ብሎ፣ ቆሮሶ እየገፈፈ፣ እንዲህ አለን፦
«አትላንቲክ ዳር፣ ድንጋዩ እንደ ጅብ ጥርስ ባገጠጠበት፣
ውሃው ቀጥ ብሎ ይቆማል።
ሰው በጣውላ ይወጣበታል፣ ይቆምበታል።»

ሳቅንበት።
የቆመ ውሃ እኛም ሰፈር ሞልቷል፦
ከቤታችን ጀርባ ያለው ቦይ፣ ትንኝ የሚፈላበት፣
የጤና ጣቢያ ሰዎች አፍንጫቸውን ይዘው መድኃኒት የሚረጩበት።
«እሱማ የተኛ ነው» አለ። «እኔ የምላችሁ የሚነሣውን።»
በቢላው ጫፍ አየር ላይ ሣለልን፣
ቅርፊቱ እየበረረ ፊታችን ላይ አረፈ።

ዳንጋሜ ብቻ አልሳቀችም።
ሐይቁ ጠዋት እንደ ዘይት ነው፣
ታቦር ተገልብጦ ይተኛበታል፣
አባ ኮዳዎቹ እንደ ዕዳ ሰብሳቢ ሽማግሌ
አንገታቸውን ቀብረው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ።
«ከሰዓት ግን ነፋስ አለ» አለች፤
«የጎደለን ጣውላ ነው።»

አናጢው ሀንቃሞ እንኳን ጣውላ ሰጋቱራም አይሰጥ።
የእኛ ወጥ ቤት በር ግን ማጠፊያው ከወለቀ ከርሞ
ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣
ሰማያዊ ቀለሙ ተላልጦ፣
ፊቱ ላይ የእናቴ ሂሳብ በከሰል ተሰልፎ፦
አንድ ጭረት፣ አንድ ሊትር ወተት፣
አምስተኛው ላይ አግድም ጭረት፣
የወይዘሮ ማንጠግቦሽ ዕዳ፣ ከመስከረም እስከ ጥር።

እናቴ ገበያ ስትወጣ በጭንቅላታችን ተሸከምነው።
መንገድ ላይ አንድ ዶሮ ሻጭ
«ቤቱንስ የት ጣላችሁት?» ብሎ ጠየቀን።

እኔ ገመድ ያዥ ነበርኩ፣ ዋና አልችልም።
«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ትል ነበር እናቴ፣
ከመነዳሪ ወገቤ ላይ፣ ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነፋሱ መጣ።
ደንገሉን አጎንብሶት አለፈ፣
ሐይቁ ግንባሩን ቋጠረ፣
ማዕበል ብሎ ለመጥራት የሚያሳፍር፣
ከጉልበቴ የማይበልጥ ነገር
ግን ተነሣ። ምስክር ነኝ፣ ተነሣ።

ዳንጋሜ በሆዷ ተኛች።
ቀጥላ በጉልበቷ።
በቁልፉ ቀዳዳ ውሃ ፊን እያለ
ቆመች፣
የተዘጋ በር ላይ፣ ሳትገባም ሳትወጣም፣
የቀሚሷን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ፣
እጆቿን እንደ አባ ኮዳ ክንፍ ዘርግታ።
ቆጠርኩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣
አምስተኛው ላይ አግድም ወደቀች።

ስትወጣ አፍንጫዋ ይደማል፣ ትስቃለች።
የወተቱ ሂሳብ ግማሹ ቀሚሷ ላይ ታትሟል።
«ገመዱስ?» አለችኝ።
እጄን አየሁ፣ ባዶ ነው።
ውሃው ደረቴ ደርሶ ነበር፣
ማን እንዳመጣኝ አላውቅም።

በወሩ መጨረሻ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ መጡ።
«ስንት ሆነልሽ?»
እናቴ በሩን አየች፣ እኔን አየች፣
ከጆሮዬ ጀርባ የቀረውን አሸዋ አየች።
«ውሃ በላው» አለች።
ወይዘሮዋ ግን በቃላቸው ያውቁት ኖሯል፣
ሊትር በሊትር፣ የገና ዋዜማውን ጭምር።

በሩን በኋላ ሀንቃሞ ገጠመው።
ውሃ ጠጥቶ አብጦ ስለነበር
መቃኑ ውስጥ አልገባ አለው፣ ላገው፣ ሰደበው፣ ተወው።
ዛሬም እዚያው አለ፣ አይዘጋም፤
ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳይነካው፣
ይነሣል።