አስራ ሦስተኛው ወር

ቤርሳቤህ የመሐላ ጉድጓድ ነው ይላል መጽሐፉ፤
እኔ ውሃውን ሳይሆን መሐላውን ጠጣሁት፣ ከነጉድፉ።

ጎሹ የሚሉት ሰው፣ ከአውቶቡስ ጣቢያው ጥግ ቆሞ
ባባቱ አጥንት ማለልኝ፣ በሰንበት ማለልኝ ደግሞ፤
«ሦስት ሺህ ሸቀል ብቻ፤ ልጅሽ ለፋሲካ ትደርሳለች።»
ፋሲካ መጣች፤ ቂጣችንን በላን፤ ፋሲካ ሄደች።
ብርቄ ጎንደር ናት፤ በደወልኩ ቁጥር ታነሣለች።

«ደረሰኝ?» አልኩት አንድ ማታ።
«በወገን መሀል ምን ደረሰኝ!» አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ ስልኩ ዝምታ።

የሆስፒታሉን ኮሪደር ከኔ ጋር የምትወለውል ላሪሳ፣
በተሰባበረው ዕብራይስጣችን፣ ባልዲዋን ሳታነሣ፣
«ጠበቃ ፈልጊ» አለችኝ፣ «ፈቃዱን ግድግዳ ላይ የሰቀለ፣
ውሉን አንብቦ የሚያስፈርም፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ፣ ያልማለ።»

ጠበቃ።
ቃሉን እንደ ቆሎ ሳላምጠው ዋልኩ፣ ከወለል ወለል።
ይጠብቃል፦ ሲላላ ገመድ ነው፣ ሲጠብቅ ሰው ይሆናል።
እኔ አስራ አንድ ዓመት በሁለቱም አነበብኩት፤
አንገቴ ላይ ጠበቀ፤ ደጄ ላይ ጠበቅኩት።

ሰፈሩ ሁሉ ጠበቃ አለው። ባዩሽም «የኔ ጎበዝ ነው» ትላለች፤
ስልኩን ስጠይቃት «ኧረ ሞቷል መሰለኝ» ትለኛለች።

አሮጌው ከተማ፣ ከሰዓት ጠጋኙ ሱቅ በላይ፣ ሃያ ሁለት ደረጃ።
ሽሎሚት ፈረደ። አንድ ማራገቢያ፣ ሁለት ወንበር፣ የተከመረ ማስረጃ።
አማርኛዋ እንደ ሕፃን ጥርስ ነው፤ እዚህ በቅሏል፣ እዚያ ክፍት፤
ፈቃዷን ግን ከግድግዳው ላይ አየሁት፣ ሳልጠይቃት።
ጎሹ በብብቱ ይዞ የዞረውን ደብዳቤ፣ አንዴም ያልገለጠውን፣
ቀስ ብላ አነበበችልኝ፣ እምቢ ያሉበትን።
በወረቀቱ ሒሳብ ብርቄን የወለድኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው፤
«ስለዚህ ልጅሽ አይደለችም» ነው የሚለው።

በዘጠኝ ዓመቴ!
በዘጠኝ ዓመቴ የወለቀ ጥርሴን ጣራ ላይ እወረውር ነበር።

«መቼ ተወለደች?»
«ጳጉሜ አራት።»
እርሳሷ ቆመ።

ያኔ ስንገባ፣ የቀረችውን ልጄን የመዘገበ ጎረምሳ፣
ማሽኑ አስራ ሁለት ወር ብቻ ያውቃልና፣
ጳጉሜን ሰምቶ ሳቀ፤ ጃንዋሪ አንድ አላትና፣
ዓመቱንም በኛ ስነግረው በነሱ ጻፈና፣
በአንድ ጭረት ስምንት ዓመት ከመንፈቅ አስረጃት፤
ስሟም ብርቄ መሆኑ ቀርቶ፣ አንዱ ፋይል ብራካ፣ ሌላው ባርካ አላት።
ደብዳቤውን ሦስት ዓመት ተሸክሜው ኖሬያለሁ፣
ችግሩ አምስት ቀን ብቻ ባላት ወር ውስጥ መሆኑን መቼ አውቃለሁ?

ሽሎሚት በጣቷ ቆጠረች፣ በእርሳስ ቆጠረች፣ አልሳቀችም።
«ቃል አልገባም» አለች፤ በማንም አልማለችም።
ባሏስ? ልጆቿስ? ምራቁ የሚመረመረው የት ነው?
ይግባኝ ማለት ማንን መለመን ነው? ስንት ወር? ስንት ብር?
ለአንዳንዱ መልስ ሰጠች፤ ለሁለቱ «አላውቅም፤ ሳላጣራ አልናገር።»
አላውቅም! ስንት ዘመኔ፣ ይህን ቃል ከተማረ ሰው አፍ ከሰማሁ፤
መቶ ሸቀል ከፍዬ፣ ደረሰኙን እንደ ክታብ አጥፌ ወጣሁ።

ከታች፣ የጠጋኙ ግድግዳ ላይ አንዱ ሰዓት ካንዱ አይስማማም፤
የትኛው ነው ልክ ብዬ በጣቴ ጠየቅኩት፤ ትከሻውን ሰበቀ፣ መልስ የለም።

ስልኬ ጮኸ። ጎንደር። ብርቄ።
«እማ፣ እዛ ስንት ሰዓት ነው?»

«በኛ ነው በነሱ?» አልኳት።